ሐዘን በትክክለኛው ብርሃን

እሱ ብቅ ከማለቱ በፊት በዚያች ከተማ ሐዘን ሥርዓት አልነበረውም። ሰው ሁሉ እንደ ፈቀደው ያዝን ነበር። አንዱ በጠራራ ፀሐይ ያለቅሳል፤ ሌላው አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሶ ይከፋዋል፤ አንዷ ደግሞ ሆዷ እየነደደ ለጎረቤቷ ‹‹ደህና ነኝ፣ አንቺስ?›› ትላለች። ማን እንዳዘነ፣ ምን ያህል እንዳዘነ፣ ሐዘኑስ ከየት በኩል ቢታይ እንደሚያምርበት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ መረን የለቀቀ አሠራር መልክ የያዘው ታላቁ የፊልም ዳይሬክተር የሐዘንን ቀለም፣ አቀማመጥና አካሄድ ለሕዝቡ ካስተማረ ወዲህ ነው። ለዚህ ውለታው ሐውልት ቢቆምለት አይበዛበትም ነበር፤ ሐውልቱ ላይ ፀሐይ እንዳታርፍበት ግን መጠለያ ይሠራለት ብሎ መለመኑ አይቀርም።

የሙያ ባልደረቦቹ ‹‹ጋሽ ደመና›› ይሉታል። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ ደመና ከሌለ አይቀርጽም። ፀሐይ ወጣች ማለት ሥራ ቆመ ማለት ነው። ቡድኑ ካሜራውን ይተክልና ግቢ ውስጥ ተኮልኩሎ አንጋጦ ይጠብቃል።

‹‹ጋሼ፣ ያቻትና አንዲት ደመና! ከውሃ ታንከሩ በስተጀርባ›› ይላል ካሜራማኑ።

ጋሽ ደመና እጁን ከግንባሩ ላይ አድርጎ ያያታል። ‹‹ነጭ ናት። ነጭ ደመና ተስፋ ይሰጣል። ትለፍ።››

ደመናዋም እሺ ብላ ታልፋለች።

ለጀማሪ ባለሙያዎች በሚሰጠው ሥልጠና ላይ ትምህርቱን እንዲህ አድርጎ ያብራራ ነበር። ሐዘን ሰማያዊ ነው፤ ሲብስበት ግራጫ ይሆናል። የተጨነቀ ሰው መሀል ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ጥግ ይገፋል፤ የቀረው ባዶ ግድግዳ ይሁን። ከራሱ በላይ ብዙ ጣሪያ ይተውለት፤ ጣሪያ ሲበዛ ተመልካች ይከፋዋል። መቅሠፍት ሲመጣ ደግሞ ዘው ብሎ አይገባም፤ ጨዋ ነው፤ አስቀድሞ ምልክት ይልካል። ወፎች ዝም ይላሉ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ካሜራውም እኛ ያላወቅነውን ጉድ ያወቀ ይመስል ቀስ እያለ ወደ በሩ ይጠጋል። ልቅሶ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ልቅሶ የሬዲዮ ድራማ ነው።

‹‹ጋሼ፣ ሰውዬው እናቱ ብትሞትበትስ?›› ሲል አንድ ሠልጣኝ ጠየቀው።

‹‹መስኮት ላይ ይቆማል።››

‹‹ቤቱ መስኮት ባይኖረውስ?››

‹‹አናጢው ያወጣለታል።››

ሠልጣኞቹ ይህንን ጻፉ። ከዚያ በኋላ በዚያች ከተማ ፊልም ላይ የሞተበት ሰው ሁሉ መስኮት ላይ መቆም ጀመረ።

የዚህ ሰው የዕድሜ ልክ ሕልም ‹‹ከመምጣቱ በፊት›› የሚባል ፊልም ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ከግድብ ሥር የምትኖር አንዲት ሴት ግድቡ ሊደረመስ እንደሆነ ታውቃለች፤ የሚያምናት ግን የለም። ድባቴ ውስጥ ትገባለች፤ ትቀመጣለች፤ አሁንም ትቀመጣለች፤ መጨረሻ ላይ ውሃው ከበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። ግድቡ በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አይታይም። ግድብ ማሳየት ብልግና ነው ብሎ ነበር።

ቀረጻው የተጀመረው በኪራይ ቤት ነበር። አከራይዋ ሳሎናቸው ግራጫ ተቀብቶ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዶ ባዩ ጊዜ ግን ‹‹በቁሜ መቃብር ሠራችሁልኝ!›› ብለው ቡድኑን ከነመብራቱ አባረሩት። ያኔ ጋሽ ደመና ጥበብ ከምትሞት ትዳሬ ይጨልም ብሎ የገዛ ቤቱን ሰጠ። ሳሎኑ ግራጫ ተቀባ። ሶፋው ወጣ፤ ምንጣፉ ተጠቀለለ፤ በግድግዳው ላይ የነበሩት ፎቶግራፎች ወረዱ። ድምቅ ያሉት አምፖሎች ተነቅለው ለዓይን የሚያስቸግሩት ተተኩ።

ሚስቱ ምንም አላለችም። እሷም የፊልም ሰው ናት፤ እሱ የቀረጸውን ሁሉ እየቆረጠችና እየቀጠለች ፊልም ያደረገችው እሷ ናት። ኤዲተር ስለሆነች ‹‹እትዬ መቀስ›› ይሏታል። ምላሷም እንደ መቀሷ ነበር፤ በደህናው ጊዜ አንድ ወንበር ያለፈቃዷ ቢነሳ ቤቱ ሲናወጥ ይውላል። አሁን ግን ቀለም ቀቢው ብሩሹን ይዞ ፊቷ ሲቆም ‹‹ቀባው›› ብቻ አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

‹‹አያችሁ?›› አለ ባሏ በኩራት። ‹‹በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቀለም ተስማማን።››

እውነቱን ለመናገር እትዬ መቀስ በማንኛውም ነገር መስማማት ከጀመረች ሰንብታለች። ማሽኗን ከፍታ ፊቱ ትቀመጣለች እንጂ አትቆርጥም። ሌሊቱን አትተኛም፤ ቀኑን አትነቃም። ዳቦ ታሳርራለች፤ ቧንቧ ከፍታ ትረሳለች። ፀጉሯን ካበጠረችም ቆየች። ምን ሆንሽ ሲሏት ‹‹ምንም አልሆንኩም፣ ደክሞኝ ነው›› ትላለች፤ ፈገግም ትላለች። ባሏ ‹‹እንግዲያስ እረፊ›› ይላትና መሪ ተዋናይቷ ድካምን እንዴት አድርጋ ታሳይ በሚለው ርእስ ላይ ከካሜራማኑ ጋር ሲወያይ ይውላል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው።

መሪ ተዋናይቷ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበረች። ልጅቷ ሰሞኑን ቀለበት አስራለች፤ ጤናዋ የተሟላ ነው፤ ድብርት የሚባል ነገር በሰፈሯም አላለፈም።

‹‹አሁን ልብሽ ባዶ ነው›› ይላታል ጋሽ ደመና።

‹‹እሺ ጋሼ።››

‹‹ምንም ነገር አያጓጓሽም።››

‹‹እሺ።››

‹‹ምን እያሰብሽ ነው?››

‹‹ምሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ።››

ያልተሞከረ ነገር የለም። ሰማያዊ መብራት አበሩባት፤ ከውኃ ዋና የወጣች መሰለች። ሜካፕ ሠሪዋ ከዓይኗ ሥር አጠቆረችላት፤ የተደበደበች መሰለች። ካሜራውን አጋደሉት፤ ፕሮዲውሰሩ መጥቶ አየና ‹‹ሰክራ ነው?›› ብሎ ጠየቀ። በዝግታ ስትንቀሳቀስ ቀረጿት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባትሪዋ ያለቀ መሰለ። በዚህ ሁሉ መሀል ግራጫው ሳሎን ውስጥ ሲውል ሲያድር ካሜራማኑን ይከፋው ጀመር፤ መብራት ያዡም ለመንግሥተ ሰማያት መዘጋጀት አለብን እያለ ያወራ ነበር። ቡድኑ በሙሉ በድባቴ ተመታ፤ እሷ ብቻ ብስኩቷን እየቆረጠመች ‹‹ምን ሆናችኋል?›› ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ካሜራማኑ ካሜራውን ሳያጠፋ ምሳ ሄደ። ይሄ በሙያው ነውር ነው፤ ታላላቅ ግኝቶች ግን ብዙ ጊዜ የነውር ልጆች ናቸው። ከሰዓት በኋላ የዕለቱን ቀረጻ ሲያዩ፣ በተከፈተው በር በኩል ኩሽናው ታየ። እትዬ መቀስ ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ከዚያ ቆመች። ገንዳው ሞላ። ውሃው ፈሰሰ፣ እግሯ ጋ ደረሰ፣ ጫማዋን አለፈው። እሷ ግን እጇን ጠርዙ ላይ አድርጋ እንደ ቆመች ነበር። ብዙ ቆየች።

ጋሽ ደመና ከወንበሩ ተነሣ። ‹‹ማነው ያበራው?››

‹‹ማንም አላበራውም ጋሼ። የኩሽናው አምፖል ነው።››

‹‹ማነው እዚያ ያቆማት?››

‹‹እትዬ ራሳቸው ናቸው የቆሙት።››

‹‹ውሃውስ? ውሃው እኮ ግድቡ ነው! ግድቡ ቤቷ ገባ እኮ! ማን አሰበው?››

‹‹ረስተውት ነው መሰለኝ። በኋላ እኔ ነኝ የዘጋሁት።››

‹‹ዘጋኸው?!›› ብሎ ጮኸ፤ ካሜራማኑ ሰው የገደለ ያህል ደነገጠ።

ጋሽ ደመና እያንዳንዱን ምስል መልሶ መላልሶ አየው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በሙያ እንጂ በሌላ አይደለም። ሚስቱ ጥግ ላይ ናት፤ ጣሪያው በዝቷል፤ ግድግዳው ባዶ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር የኖረውን እሷ ሳትሠለጥን አድርጋዋለች። አንድ እንከን ብቻ አገኘባት። ‹‹ሹራቧ ቢጫ ነው›› አለ ራሱን እየነቀነቀ። ‹‹ድባቴ ቢጫ አይለብስም። ለነገሩ በቀለም እናስተካክለዋለን።››

መሪ ተዋናይቷ በዚያው ዕለት ተሰናበተች። ወሬውን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ አዘነች፤ ካሜራው ግን ጠፍቶ ነበር።

ጋሽ ደመና ጓዳ ገብቶ ሚስቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ፊት ለፊቷ ከተቀመጠ ቆይቷል።

‹‹አየሁሽ እኮ›› አላት።

ቀና አለች። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ‹‹አየኸኝ?››

‹‹አየሁሽ እንጂ! እንዴት ሳላይሽ ኖርኩ? ነገም ልክ እንደ ዛሬው ሁኚልኝ።››

‹‹ዛሬ እንዴት ነበርኩ?››

‹‹ድንቅ ነበርሽ።››

ዓይኗ ውስጥ የታየችው ብልጭታ ጠፋች፤ ይሄኛው አልተቀረጸም። ‹‹እኔስ የታመምኩ መስሎኝ ነበር›› አለች ቀስ ብላ። ከዚያም ፈገግ ብላ ‹‹እሺ፣ ምን ቸገረኝ። በልታችኋል ግን?›› ስትል ጠየቀችው።

በማግስቱ ቀረጻው በአዲስ መንፈስ ቀጠለ። እትዬ መቀስ ተቀመጪ በተባለችበት ተቀመጠች፤ ቁሚ በተባለችበት ቆመች፤ ካሜራው እየቀረጸም ፈገግ ብላ ‹‹በልታችኋል?›› ትላቸዋለች። ሜካፕ ሠሪዋ ሳጥኗን ከፍታ ፊቷን ካየች በኋላ መልሳ ዘጋችው፤ የሚጨመር ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ሾርባ ይዛ ብትታይ ጋሽ ደመና ከእጇ አስወሰደው። እንፋሎት ሕይወት ይሰጣል አለ። እሷም ሾርባው ሲሄድ አየችው እንጂ አልጠየቀችም።

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ዕቃዋን ማደል ጀመረች። የእጅ ሰዓቷን ለሜካፕ ሠሪዋ ሰጠች። ደህናውን ቦርሳዋን ለካሜራማኑ ሚስት ላከች። ልብሷን አጣጥፋ፣ አጣጥፋ፣ በየዓይነቱ ደረደረችው።

‹‹ይሄማ በድርሰቱ ላይ አልነበረም!›› አለ ጋሽ ደመና በደስታ። ‹‹ልትሄድ ያለች ሴት ንብረቷን ታድላለች። ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው ብሎ ተመልካቹ ልቡ ይንጠለጠላል። ቅረጹት!››

‹‹ጋሼ፣ እኔስ ፈራሁ›› አለች ሜካፕ ሠሪዋ፣ ሰዓቱን በመሀረብ ጠቅልላ እንደ ያዘች።

‹‹ፍርሃቱ የተዘጋጀው ለተመልካች ነበር፤ ካንቺ መጀመሩ ጥሩ ምልክት ነው።››

ሜካፕ ሠሪዋ በዚህ ማበረታቻ አልተጽናናችም። ወጣ ብላ ለእትዬ መቀስ ታናሽ እህት ደወለች። ታናሽየዋ አስተማሪ ናት፤ ድምፅዋ ለትልቅ ክፍል የተሠራ ነው። ከነጠመኔ አቧራዋ መጣች፤ እህቷን አየች፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሽ ደመና ዞረች።

‹‹እህቴ ታማለች።››

‹‹ሥራ ላይ ናት።››

‹‹አንተ ሰውዬ፣ አይታይህም?››

‹‹ለእኔ ነው አይታይህም የሚባለው?›› ከልቡ ከፋው። ‹‹በቅርብ አይቻታለሁ፣ በሩቅ አይቻታለሁ፣ ከላይ ሆኜ አይቻታለሁ፣ በመስታወት ውስጥ አይቻታለሁ። እስቲ ከኔ በላይ ማን አይቷታል?››

‹‹ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው።››

‹‹ውሰጃት! ማን ከለከለሽ? ጨካኝ አረግሽኝ እንዴ? የመጨረሻዋ ትዕይንት ትለቅ ብቻ ነው የምለው። ዛሬ ብትታከምና ፊቷ ቢፈካ፣ ያለፈው ሳምንት ፊቷ ከነገው ጋር አይገጥምም። ሴትዮዋ ከሳሎን ተክዛ ወጥታ ኩሽና ስትደርስ ትሳቅ? በእህትሽ ፊት መቀለድ ይሆናል እኮ።››

‹‹ብትሞትስ?››

ጋሽ ደመና እንዲያው ሐቁን እንናገር ከተባለ ደነገጠ። ለአንዲት አፍታ ሚስቱን ያለ ካሜራ ሊያያት ምንም አልቀረውም ነበር። የሙያ ልምዱ ደረሰለትና ነው የዳነው።

‹‹ጊዜው ገና ነው›› አላት፤ እንደ ታላቅ ወንድም ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። ‹‹መቅሠፍት ምልክት አለው። ወፎቹ ሲንጫጩ ይሰማሻል? አምፖሉንም እዪው፤ ፍንክች አላለም። እኔ የዚህ ነገር ባለሙያ ነኝ፤ ሲቃረብ እነግርሻለሁ።››

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። ይሄኛው በሬ ግን ገደሉን ለሌሎች በሬዎች ሲያስተምር የኖረ ስለሆነ ተረቱ አይመለከተውም።

በማግስቱ ሰማዩ ወለል ብሎ ጠርቶ ነበር። አንዲት ደመና ለመድኃኒት አልተገኘችም። ጎረቤት ቤት ሬዲዮው ይዘፍናል፤ ሕፃናት አጥሩ ሥር ኳስ ይጠልዛሉ፤ ወፎቹ እንደ ጉድ ይንጫጫሉ። ጋሽ ደመና ግቢው መሀል ቆሞ አንጋጧል። ታናሽየዋ የእህቷን ክንድ ይዛ፣ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥላ፣ በዋናው በር ወጣች። እትዬ መቀስ ባሏ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

‹‹መሄዴ ነው›› አለችው።

‹‹እሺ›› አላት ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል። ‹‹ብዙ እንዳትርቂ፤ ደመና ሊመጣ ይችላል።››

ጥቂት ጠበቀችው። ቀና ብላም እሱ የሚያየውን አየች፤ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ገባች፤ ታክሲዋም ኳሱን እንዳትነካ ዞር ብላ ሄደች። በእንዲህ ያለ ሁኔታ፣ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሳይላክለት፣ በፀሐይ፣ በዘፈንና በልጆች ሳቅ መሀል የጋሽ ደመና ትዳር አበቃ። ብርሃኑ ስላልተመቸው አላወቀውም።

ማታ ታናሽየዋ ደወለች። ሐኪሞቹ ‹‹ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አናገኛትም ነበር›› ብለው አስተኝተዋታል። እትዬ መቀስም እስክትጠራው ድረስ እንዳይመጣ መልእክት ልካበታለች። ጋሽ ደመና ስልኩን ይዞ ቆሞ ‹‹ስንት ሰዓት ላይ ነበር የሄደችው?›› ብሎ ካሜራማኑን ጠየቀ።

ፊልሙ ግን አላለቀም፤ ጥበብ አትቆምም። መሪ ተዋናይቷ ተለምና መጥታ የመጨረሻዋን ትዕይንት በጀርባዋ ሠራችው። ከኋላዋ ሲያዩዋት እጅግ የተጨነቀች ትመስል ነበር፤ ሠርጓ በሳምንቱ ስለሆነ በእርግጥም ተጨንቃለች።

በምርቃቱ ዕለት የተከበሩ ገምጋሚዎች ከፊት ተደረደሩ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወልውለው ንግግራቸውን ጀመሩ።

‹‹ይህ ፊልም የሀገራችንን የድባቴ አቀራረብ ወደ ላቀ ምዕራፍ ያሸጋገረ ነው። ግድግዳው ከፍተኛ ብቃት አሳይቷል። የመጋረጃውን ብስለት ሳላደንቅ አላልፍም። ጣሪያውማ እንባዬን ነው ያመጣው። ይሁን እንጂ›› አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ‹‹ሴትየዋ አላሳመነችንም።››

አዳራሹ በመስማማት አጉረመረመ።

‹‹ለምሳሌ ፈገግ ትላለች። የተጨነቀ ሰው ፈገግ ይላል? ‹በልታችኋል?› ብላ ትጠይቃለች። ልትሞት ያለች ሴት የሌላው ሰው ሆድ ምን አገባት? ጥናት የጎደለው ትወና ነው።››

ልማዱ ዳይሬክተሩ ተነሥቶ ‹‹ገንቢ አስተያየት ነው፣ አመሰግናለሁ›› እንዲል ነው። ጋሽ ደመና ተነሣ። እስክሪኑን አየ፤ ባዶ ነበር። ‹‹እሷ እኮ እውነቷን ነበር›› አለ። ‹‹እውነቷን ነበር። እኔ ነኝ…››

‹‹እውነት መሆኑ ምን ይፈይዳል?›› አሉ ሰብሳቢው በርኅራኄ። ‹‹ይህንን ያስተማርከን አንተው ነህ እኮ!›› አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የሴትየዋ ትዕይንቶች በሙሉ በሌላ ብቁ ሰው እንደገና እንዲቀረጹ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

ጋሽ ደመና ወደ ግራጫው ቤቱ ተመልሶ በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ያስቸግራል፤ ምንም አልተደረገምና። ኩሽና ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እንቅልፍ እንቢ አለው። ምግብ እንጨት እንጨት አለው። ‹‹አየኸኝ?›› ያለችበት ድምፅ ከጆሮው አልወጣ አለ፤ ያን ጊዜ ‹‹አዎ፣ ታመሻል፣ ነይ እንሂድ›› ብላት ምን ነበረበት እያለ ራሱን ይጠይቃል። ሚስቱ ናፍቃዋለች፤ አፍሯል፤ ፈርቷልም።

ቡድኑ ለድጋሚው ቀረጻ ዕቃውን ጭኖ ሲመጣ እዚያው በርጩማ ላይ አገኘው። ጺሙ አድጓል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ አንድ እግሩ ላይ ጫማ የለም። ካሜራማኑ በሩ ላይ ክው ብሎ ቀረ።

‹‹ማንም እንዳይናገር›› አለ በሹክሹክታ። ‹‹ካሜራውን አምጡ። ቀስ።››

‹‹አሞኛል›› አለ ጋሽ ደመና።

‹‹ወይ ድምፅ!›› አለ ካሜራማኑ፤ ፀጉሩ ቆመ።

‹‹የምሬን ነው። መተኛት አቃተኝ። ክፉ ክፉ ነገር ያሳስበኛል። እባካችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱኝ።››

‹‹ይሄን ንግግር ማን ጻፈው?›› ሲል ፕሮዲውሰሩ በካሜራማኑ ጆሮ ጠየቀ።

‹‹ራሳቸው ናቸው፤ እየፈጠሩት ነው። የሴትየዋን ሚና ወንድ ቢይዘው ብለው ይሆናል። ዝም በል፣ ሥራ ላይ ናቸው!››

ሜካፕ ሠሪዋ ወደ በርጩማው ራመድ ስትል እጅጌዋን ይዘው መለሷት፤ ፍሬም ውስጥ ልትገባ ነበር። እሷም ግቢ ወጥታ ስልኳን አነሣች። እነሱ መብራት ሲያስጠጉ፣ ጋሽ ደመናም ‹‹እባካችሁ›› ሲል፣ እነሱም ‹‹እንዲህ ያለ እባካችሁ ተሰምቶ አይታወቅም›› ሲባባሉ ብዙ ቆዩ።

እትዬ መቀስ ስትገባ ማንም አላስቆማትም፤ ማንም አላወቃትማ። ፀጉሯን ተሠርታለች። ገና ከሲታ ናት፤ ደረጃውን ስትወጣም ደክሟታል። በመብራቱና በካሜራው መሀል ሰንጥቃ አልፋ ባሏ ፊት ቆመች።

‹‹መተኛት አቃተህ?››

‹‹አቃተኝ።››

‹‹ከመቼ ጀምሮ?››

‹‹ከሄድሽ።››

‹‹ተመልሼ እንዳይመስልህ የመጣሁት›› አለችው። ‹‹ስለሱ ሲሻልህ እንነጋገራለን። እኔን ያከመኝ ሐኪም ጋ ልውሰድህ ነው። ተነሥ፣ ሌላው ጫማህ የታለ?›› አጎንብሳ በርጩማው ሥር ፈለገች። ጫማውን አግኝታ እግሩ ሥር እያስቀመጠች ‹‹በልተሃል?›› አለችው።

ጋሽ ደመና አለቀሰ። ኩሽናው መሀል ተቀምጦ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ንፍጡ ጺሙ ላይ እየወረደ፣ እሪ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም ክንዱን ይዛ አብራው አለቀሰች።

ካሜራማኑ ዓይኑን ከካሜራው አነሣ። ፕሮዲውሰሩን አየው፤ ፕሮዲውሰሩም ከንፈሩን መጠጠ።

‹‹አይ፣ ይሄስ አይሆንም›› አለ ካሜራማኑ በሐዘኔታ፣ ካሜራውን እያጠፋ። ‹‹መጨረሻ ላይ አጋነኑት።››